መቁጠሪያ

ዳርሊን በኖቬምበር ጠርታ አንዲት ዕቃ ሰጠችኝ፣
ከመዳፍ የማትበልጥ፣ ብረት፣ ቀዝቃዛ፤
«በየሰዓቱ ስንት ሰው እንደሚገባ ቁጠር» አለችኝ፣
«አንድም እንዳይጎድል፣ አንድም እንዳይበዛ።»

በአውራ ጣቴ ስጫናት «ቀጭ» ትላለች፣
አንድ ገላ ወደ ውሃው ሲያልፍ።
በቋንቋዬ መቁጠሪያ ስትባል መነኩሴ እጅ ላይ ትጸልያለች፤
ይቺኛዋ ስሟን ብቻ ወርሳ ትደምራለች በሰልፍ።

ብራንደን ውስጥ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ወዲያ፣
የሰፈሩ መዋኛ በር ከፋች ነኝ፤
ክሎሪን እለካለሁ፣ እጠግናለሁ ማሞቂያ፣
ስድስት ክረምት ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ሞቀልኝ።

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ፣ ውርጩ ቅንድብ ሲያደርቅ፣
ሦስት ሰው ነው በሩ ሥር ቆሞ እኔን የሚጠብቅ።

ኦርቪል፦ አርባ ዓመት እህል ጎተራ ላይ የሠራ፣
ከስንዴው አቧራ እኩሌታው ሳንባው ውስጥ የቀረበት፤
ውሃ ውስጥ ብቻ ነው ሳያስል የሚያወራ፣
ስለ ሞተው ውሻው፣ ስለ ዘንድሮው ዝናብ እጥረት።

ሃሊያ፦ ዳሌዋ ብረት ነው፤ አትዋኝም፣ ትሄዳለች፣
ከዳር ዳር፣ ውሃውን በደረቷ እንደ ማሳ እያረሰች።
በዩክሬን ቋንቋ ትቆጥራለች፤
ስንት ላይ እንደምታቆም ጠይቄያት አላውቅም።

ሊዋይዋይ፦ የሌሊት ነርስ። ስሟ በአገሯ ንጋት ማለት ነው።
ከሆስፒታል ወጥታ፣ ቤት ከመግባቷ በፊት፣
እዚህ ጠልቃ ነው የሰው ጣር ከላይዋ የምታራግፈው፤
«ልጆቼ ሲነቁ እኔን ብቻ ያሽትቱኝ» አለች አንድ ሌሊት።

ቀጭ።
ቀጭ።
ቀጭ።

ሦስት ሳምንት ቆጠርኩ። አንድ ማክሰኞ፣ በበረዶ ማዕበል፣
ሁለት ብቻ መጡ። አውራ ጣቴ ለሦስተኛዋ ተነሣ፣ ተመለሰ።
«አንዲት ቀጭ ማን ሊያውቃት ነው?» ብሎ ልቤ ቢያባብል፣
ሁለት ብዬ ጻፍኩ፤ እውነት ነበር፤ እጄም አልተልፈሰፈሰ።

ወረቀቱ ምክር ቤት ደረሰ፤ እዚያ ሰው ስም የለውም፣
በአንድ ወገን ጋዝ፣ መብራት፣ የእኔ ደመወዝ፤ በሌላው ሦስት።
ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፣ ሸክም አይሆንም፤
ለሦስት ሲሆን ግን ከተማው ትከሻውን አየ፣
አወረደው በአንድ ምሽት።

«ከጃንዋሪ ሁለት ጀምሮ ከሰባት ሰዓት በፊት አይከፈትም» ይላል
ዳርሊን በሩ ላይ የለጠፈችው። ዳርሊን ክፉ አይደለችም፤
ጥጉን አራት ጊዜ ነቅላ አቃናችው፣ ምናልባት ይሻላል
ብላ ይሆናል ክፉ ወሬ ቀጥ ሲል። እኔን ግን ቀና ብላ አላየችም።

የእነሱ ሰባት ሰዓት በእኔ አቆጣጠር አንድ ነው፤
ስድስት ክረምት በሆዴ ስደምር ስቀንስ፣
አሁን ከተማው ቀኑን ከአንድ ሊጀምረው
ታረቀ ከቋንቋዬ። እርቁ ግን አልጣመኝም እስካሁን ድረስ።

በመጀመሪያው ቀን እግሬ ልማዱን ይዞ በሌሊት አመጣኝ።
የኦርቪል መኪና ቆማለች፣ ሞተሯ እያጓራ፣ መስኮቷ በትንፋሽ ታፍኖ፤
ሦስቱም ውስጥ ናቸው። ሃሊያ ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ።
ሊዋይዋይን እንቅልፍ ጥሏታል፣ ጫማዋ ከነሆስፒታሉ ሽታ ሆኖ።

ከመስታወቱ ወዲያ ውሃው ይጨሳል። ማሞቂያው አልጠፋም፤
ውሃ ካቀዘቀዙት መልሶ ማሞቁ ይብሳል።
የተቆጠበው የእኔ ሰዓት ተኩል ነው፣ ከዚያ አያልፍም፤
ኦርቪል ደግሞ እኛን ለማሞቅ ነዳጁን ይጨርሳል።

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። አልተፈቀደልኝም፣ አልከፈትኩም።
አጠገቡ መቁጠሪያዋ አለች፤ መልስ ያለኝ ሰው የለም።
ኦርቪል ሳለ።
አወጣኋትና በጨለማው ተጫንኳት፦
ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፤
ጥቂት ቆይቼ፣ ለራሴ፣ አንዴ ቀጭ።

አራት።
ለማን እንደማስረክበው እንጃ።