ሁለት አዲስ፣ ሁለት አሮጌ

ሰኔ እንደ ባተ ነው፤ ጦሳ ጉሙን ሲከናነብ፣
ከቧንቧ ውሃ ከፍ ብሎ፣ ከአራጋው ጎሚስታ በር ቆመን ስናስብ።
ብሩ በእኔ መሀረብ ነው፣ የተቋጠረው በልኬ፤
የሙሀባው ዓይን ግን ግድግዳው ላይ፣ ከሚያብለጨልጨው ቸርኬ።

«አምስት ጣት ያለው፣» ይለኛል፣ «እይው እስቲ ሲያምር፣
ሰፊ ጎማ ስንደርብበት፣ ኮሮላችን መሬት ስትቆነጥር!»
«አምስት ጣት ለእጅ ነው፣» አልኩት፣ «ለጎማ የሚሻል ጥርስ፤
ጥርስ ካጣ ምን ይነክሳል፣ የሐረጎ አስፋልት ሲርስ?»

አራጋው ሳቀ። የኋላውን ጎማ በክሪክ አንስቶ አሽከረከረ፣
የአውራ ጣቱን ጥፍር ከቦዩ ሰደደ፤ ጥፍሩ ግማሹ ከውጭ ቀረ።
«ይሄማ የአጎቴ የይማም ድድ ነው፤ አጥሚት እንጂ ሌላ አይችልም።
በበጋ ያንፏቅቅሻል፤ ክረምት ግን በእሱ አይታለፍም።
ሰፊውንም ተይው፤ ውሃ ላይ እንደ ታንኳ ይንሳፈፋል፣
ቀጭኑ ነው ጭቃውን ቀዶ፣ ታች ወርዶ መሬት የሚጨብጥ፤
ለቸርኬውም ያው የድሮው ብረት ይበቃል።»

አምና ነሐሴ ነበር። ከኮምቦልቻ ስንመለስ፣
ጉም መስተዋቱን ሲልስ፣
ከአንዱ ጥምዝ ላይ ሙሀባው ፍሬን ረገጠ፤ መኪናዋ አልሰማችም፣
ቂጧን ወደ ገደሉ መለሰች፤ እኔም «ያረቢ» ለማለት አልደረስኩም።
አንድ የጠጠር ክምር፣ መንገድ ሠሪ የረሳው፣
እሱ ነው ያቆማት። ለዚያ ለረሳ ሰው
እኔ ዱዓ አደርጋለሁ፣ ሙሀባው ሻማ ያበራል፤
ስሙን አናውቀውም፤ የላይኛው ያውቀዋል።
ረድኤት ከኋላ ነቅታ፣ «ደረስን እንዴ?» አለች፤
ምን ልበላት? ምላሴ ላንቃዬ ላይ ደርቃ ነበረች።
ፉአድ አልነቃም። አፉን ከፍቶ፣ አንድ እግሩን ከወንበሩ ጥሎ፣
ተኝቷል።

ቋጠሮውን ፈታሁ፣ ቆጠርኩ። ለአራት አይሆንም፤ ለሁለት ነው።
ሙሀባው ቸርኬውን ረሳ። አልረሳም፤ ዓይኑን ብቻ አነሳው።
«እንግዲያው አዲሶቹ ከፊት ይግቡ፣ የፊቶቹ ወደ ኋላ ይሂዱ፤
መሪው ከፊት፣ ሞተሩ የሚስበው ከፊት፣ ከፊት ነው መንገዱ።»
እኔም ከፊት ብዬ ነበር። ማንም ሰው ከፊት ይላል፤
ቤትም ሲቀባ በደጁ በኩል ነው፣ ለመንገደኛ ያምራል።

አራጋው እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ አስተዋለ፤
የብስኩት ፍርፋሪ፣ የአንድ እግር ካልሲ፣ የተበጫጨቀ ደብተር... አየና ትንሽ ዝም አለ።
«የፊቱ ቢከዳህ፣» አለው፣ «መሪ አለህ፤ ታግለህ ትመልሰዋለህ፤
የኋላው ሲከዳህ ግን፣ ገደሉን ዞረህ ታየዋለህ።
ለኋላ መሪ የለውም፣ ወንድሜ። አምናም ያገኛችሁ ይኸው ነው።
አዲሱን ከኋላ እሰረው።
ልጅ የሚተኛው የት ነው?»

ከዚያ በኋላ ዋጋ ነበር። ሁለት ጊዜ ጥዬው ሄድኩ፣ ሁለት ጊዜ ጠራኝ፤
ሦስተኛውን ግን ፈራሁ፣ ባይጠራኝስ? ብዬ ሳልሄድ ቀረሁ።
ቡሎኑን ሲያጠብቅ፣ በእግሩ ቁልፉ ላይ ቆሞ ሲዘልበት፣
እኔም በልቤ አብሬው ዘለልኩበት።

የላሹትን ሁለቱን የሰኞ ገበያ በረባሶ ሠሪ ወሰዳቸው።
ይሄኔ በሰው እግር ሥር ሆነው፣ የኩታበርን ዳገት ይወጡ ይሆናል፤
ቀስ ብለው። እኛ ያላወቅንበትን ዝግታ ሰው አስተምሯቸው።

ማታ ስንገባ ዶፍ ጣለ። ሙሀባው ፊት ፊቱን ያያል፣
መጥረጊያው ይንቋቋል፤
እኔ አንገቴን አዙሬ፣ ከልጆቹ ወንበር በታች ያለውን እሰማለሁ፤
አዲስ ጥርስ እርጥብ መንገድ ሲያኝክ።
ለካ ድምፅ አለው።