ውሃ ያልቀመሰች ታንኳ

አባቴ አዛናው፣ ጎርጎራ ዳርቻ፣
ታንኳ ይሠራ ነበር በሁለት እጁ ብቻ።
ሚስማር አያስገባ፣ ቀለም አይቀባ፣
በጉልበቱ ተጭኖ፣ በልጥ እየጠፈረ፣
ደንገልን ከደንገል ሲያግባባ፤
አፍንጫዋን እንደ ይብራ ምንቃር ቀና ያደርግና፣
"ይቺስ ትሄዳለች" ይላል፣ ዞር ብሎ አይቶ እንደገና።

ታንኳ ዕድሜ የላትም፤ ሐይቁን ትጠጣለች፣
ጠጥታ ጠጥታ፣ ከብዳ ትቀራለች።
ሁለት ወር፣ ቢበዛ ሦስት፤ ከዚያ የጥጃ መኝታ፣
እሱም ማጭዱን ይዞ ይወርዳል፣ ሌላ ሊያቆም በእሷ ፈንታ።

በሷ ነው ከደልጊ ጤፉ የመጣልን፣
በሷ ነው ቆሮሶው፣ በሷ ነው ማገዶ፤
እናቴን ሦስት ቀን ምጥ የያዛት ጊዜ፣
በሷ ነው ያሻገራት፣ ሌሊቱን ቀዝፎ፣ ማዕበሉን ቀዶ።
(ምጡ እኔ ነበርኩ።)

ኋላ እምቦጭ መጣ። አበባው ሲያዩት ያምራል፣
ሐምራዊ ምንጣፍ ነው፤ ሥሩ ግን ሐይቁን ያስራል።
መቅዘፊያው ተያዘ፣ መረቡ ተበላ፣
ባለሞተሯ ጀልባ እንኳ ቆመች አረሙን አዝላ።
ማጭዱም ዛገ፣ ምሰሶው ላይ።

አንድ ቀን ከጎንደር ባለሆቴል መጣ፦
"ለአዳራሼ ጌጥ አንዲት ታንኳ ሥራ፣
ግድግዳ ላይ ልስቀላት፣ ታምራለች መብራት ሲበራ።
ውሃ እንዳትነካ፤ ሽታ አልፈልግም" አለው።
አባቴ ዝም አለ። ብሩን ግን ተቀበለው።

በአራት ቀን ጨረሳት። በአምስተኛው ሌሊት
ቀሰቀሰኝ፦ "ተነሺ፣ ያዥልኝ በስተፊት።
ውሃ ሳትቀምስ ከሄደች ጭንጋፍ ናት።"
ተሸክመን ወረድን፤ ጨረቃም የለችም፣
አረሙን በክንዱ ገፈፈው፤ እኔም ዝም፣ እሱም ዝም።
ንጹሑ ውሃ ላይ ስንደርስ፣ ከመቀመጫዬ ሥር
ሰማሁት ደንገሉን፣
ጡት እንዳገኘ ጥጃ ሲመጠምጥ።
ሁለት ዙር ዞረ። "በቃ፤ አሁን ታንኳ ናት።"
ሦስት ቀን ፀሐይ አሰጣት፣
በአራተኛው አይሱዙ ላይ ጫናት።

ዘንድሮ ጎንደር ወጣሁ፣ ለመታወቂያ ጉዳይ፤
ሆቴሉ ገባሁና፣ ዋጋው ባይቀመስም፣ አዘዝኩኝ አንድ ሻይ።
አስተናጋጁ ለእንግዶች ያስረዳል፦
"ይቺ ጌጥ ናት፣ ሐይቅ አይታ አታውቅም።"
ሳቄን ዋጥኩ። ዞር ሲልልኝ፣
ተነሥቼ ሆዷን ዳበስኩ በቀስታ።
ከልጡ ሥር፣ ቫርኒሹ ያልደረሰበት፣
አንዲት የእምቦጭ ቅጠል፣ ደርቃ፣ ተጣብቃ።
አልነቀልኳትም።
ጣቴን አሸተትኩት፤
ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣
ቆሮሶ።