ሹፌሩ ጠፍቷል

አዳማ፣ ፍራንኮ ነው ሱቄ፣ ከጎሚስታው ጎን፣
ነፋስ አቧራ ይዞ ሳያንኳኳ የሚገባበት ቀን በቀን።
ጋሽ ዲንቃ መጡ፣ ላፕቶፕ በፌስታል ጠቅልለው፤
«ሰው አፉን ሲከፍት አያለሁ፣ ቃሉ ግን የለም» አሉኝ አቀብለው።

ከፈትኩት። ከሰዓቱ ጎን፣ ትንሿ ስፒከር ላይ ቀይ ኤክስ።

«ድራይቨሩ ጠፍቷል፣ ጋሼ» ስላቸው
ሳቅ አመለጣቸው፦
«ሠላሳ አንድ ዓመት ጅቡቲ በጋላፊ የወረድኩ፣
ተሳቢዬን ይዤ ከሰመራ ሙቀት ጋር የተላመድኩ፣
ሹፌርስ አለሁ እኔ! ይኸው ፊትህ ተቀመጥኩ።»

አሮጌውን ነቀልኩ፣ አዲሱን ጫንኩበት፣
ኔትወርኩ ሲንፏቀቅ እሳቸው ወግ ጨመሩበት።
አጥፍቼ አበራሁ። ቀዩ ምልክት ለቀቀ።
ዝም።
ድምፁን መቶ ላይ ሰቀልኩት።
ዝም። አንገቴ በላብ ተጠመቀ።

በስልኬ መብራት የማዳመጫ ቀዳዳውን ሳይ፣
ተሰብሮ የቀረ ጫፍ አለ፣ የስንዴ ፍሬ መሳይ።
ማሽኑ «ጆሮ ሰክተውልኛል» ብሎ፣ ስንት ወር ሙሉ፣
ለሌለ ጆሮ ሲያወራ ከርሟል፤ አልጎደለም ቃሉ።

ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ኮፍያቸውን አወለቁ።
«እኔም ቤት…» ብለው ጀምረው፣
«ሂሳቡ ስንት ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

በወረንጦ መዘዝኩት። መቶ ላይ የረሳሁት ድምፅ ሲፈነዳ፣
ጎሚስታው ጎማ መስሎት ዘሎ ወጣ ወደ ሜዳ፤
የሳሙና ማስታወቂያ ነው። ልቀንሰው እጄን ስሰነዝር
ጋሽ ዲንቃ ያዙኝ፦
«ተወው ልጄ። ይናገር።»