ሰማያዊ ናስትሮ

ሳሉ ቀድሞት ደርሷል በሐሙሲት መንገድ፣
አሮጌው ኢቬኮ፣ ሰሊጥ ተሸክሞ፣ ከነሹፌሩ ሲነድ።
ሚያዝያ ነው። ሐይቁ ለጥ ብሎ ተኝቷል፣ ቅጠል አይነቃነቅ፤
ዓባይ ማዶ ጋራዣችን ውስጥ ወበቅ ብቻ፣ ወበቅ።

ሽባባው ከጋቢናው ዱብ አለ፣ በላቡ ታጥቦ፣
ያገሩን መካኒክ በሙሉ በአንድ ትንፋሽ ሰድቦ።
«ጋዝ ሙላልኝ» አለኝ፤ «ዘንድሮ ሦስተኛዬ ነው፤
አዘዞ ላይ ሞላሁ፣ ወረታ ላይ ሞላሁ፣ የት እንደሚገባ እሱ ይወቀው።»

እኔ ግን ቱቦ አልነካም ሳላናግር ባለቤቱን፦
መቼ ነው የሚያኮርፈው? ንገረኝ ቦታውን፣ ሰዓቱን።
«ስነዳ ይበርዳል፣ የፎገራን ሜዳ ሳቋርጥ፣
ከሩዝ ማሳው መሀል ጉልበቴ እስኪንቀጠቀጥ።
ኬላ ላይ ስቆም ነው፣ ገመድ ሲጋረድብኝ፣
እንደ ምድጃ አፍ ፊቴ ላይ የሚተነፍስብኝ።»

ሲሄድ ከበረደ፣ ሲቆም ከነደደ፣
ጋዙ አይደለም የኮበለለ፣ ነፋሱ ነው የሄደ።

ቀዩንና ሰማያዊውን ቱቦ ገጠምሁ፣
ሞተሩን በቁሙ አስነሥቼ ጌጁ ፊት ቆምሁ።
ቀዩ መርፌ ወጣ፣ ወጣ፣ እንደ ተናደደ ሰው ደም፤
ኮምፕሬሰሩ ጠቅ ብሎ ያዘ፣ ጠቅ ብሎ ለቀቀ፣
ከዚያ ዝም።

ማስተዋል፣ ስድስት ወሯ ነው ካቻቢቴ ከያዘች፣
ከራዲያተሩ ፊት ተንበርክካ መዳፏን ዘረጋች።
«ነፋስ የለም» አለች።
ቬንቲሌተሩ ቆሟል፤ ክንፉ ላይ ገለባ፣ የትንኝ ዱቄት፣
አንድ የደረቀ ፌንጣ፣ የስንት ክረምት ጭቃ በአንድነት።

በጣቴ ገፋሁት፤ በነፃ ይዞራል፣ አልሞተም።
ፊውዙ ደህና። ሪሌውን ቀየርሁ፤ አልተንቀሳቀሰም።
መብራቷን በጥርሴ ነክሼ ሽቦውን ተከተልሁ፣
በተገለበጠው ጋቢና ሥር፣ በባትሪው ጎን ዘለቅሁ፣
አንድ ቦታ አበጠ፦
ሽቦ ከሽቦ የተቋጠረበት ሰማያዊ ናስትሮ፣
ሦስቴ ተጠምጥሞ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ ተቀብሮ።
ስፈታው መዳቡ አረንግዷል፣ እንደ ከረመ ዳቦ ሻግቶ፤
እጄ ላይ ፈረሰ፣ አቧራ ሆኖ ተበትኖ፣ ጠፍቶ።

ማስተዋል አየችው። ቀጥላ እኔን አየችኝ።
«የናስትሮን ጫፍ ወደ ውስጥ ማጠፍ፣
አንተ አይደለህ እንዴ ያስተማርኸኝ?»

ስምንት ዓመት። የጥምቀት ዋዜማ። ገበያው፣ ጥድፊያው።
መበየድ ሲገባኝ «ለጊዜው» ብዬ ነው ያሰርሁት፣ እኔው።
ለጊዜው! ስንት ይሆን ለጊዜው ያልሁት ነገር፣
በስንት ሰው መኪና ሆድ ውስጥ እየሻገተ የሚኖር?

«ሌባ ሁሉ!» ይላል ሽባባው፣ ጎማ ላይ ተቀምጦ፣
«ያዘዞው ሌባ፣ የወረታው ሌባ...» ሙዙን ልጦ፣
ግማሹን ለማስተዋል እየሰጠ።
ዝም ብል ማን ያውቃል? ናስትሮ አፍ የለው።
ልጅቷ ግን ሙዟን ይዛ ቆማለች፤ አትበላም፤
እኔን ነው የምታየው።

«ሽባባው» አልሁት፣ «ሌባው እኔ ነኝ። ቋጠሮው የእኔ ነው።»
ማኘኩን አቆመ። ቁራጩን ሽቦ ተቀብሎ አገላብጦ አየው።
ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀ፦ «ብትበይደው ይበርዳል?»
«ይበርዳል።»
«በል በይደው። የእኔ ንዴት መንገድ ላይ ይበርዳል።»

ቬንቲሌተሩ አጉረመረመ፣ አቧራውን ተፍቶ ዞረ፤
ቀዩ መርፌ ከማማው ወርዶ ከመሐል ላይ አደረ።
ሽባባው ብር ቆጠረ፣ ከቆጠረው ላይ መልሶ አነሣ፣
«የሦስት ጊዜ ጋዝ ቀንሻለሁ»፤
መፍቻው ሣጥን ላይ የተረፈችው፣ ለሁለት ሰው ምሳ።

ሳሉ ገና ድልድዩ ላይ ነው። እኔ የማየው አፈሩን፣
መኪናው ቆሞ በነበረበት የቀረውን እርጥብ ክቡን፦
ከጣና የተነሣ ወበቅ ጋቢናው ውስጥ ገብቶ፣
በብርዱ ቧንቧ ላብ ሆኖ፣ በጎማ ቱቦ ተተፍቶ።
የጋራዡ ዶሮ ጭራዋን ትታ መጣች፤
ቀና እያለች፣ ደፋ እያለች፣ ያቺን ጥቂት ውኃ ጠጣች።