ደቻቱን መሻገር

ሚስማሩ የወጋኝ ቀፊራ ነው፣ ገበያው መሐል፤
ወይም ትንሽ ወዲያ፤ እግሬ ካልነገረኝ ማን ይነግረኛል?
ደረቁን ደቻቱ አሸዋ ለአሸዋ ተሻገርኩ፤
በከዚራ ዛፍ ጥላ፣ ሎሚ እያሸተትኩ
ቤቴ ገባሁ።

ያየችው ሂቦ ናት፣ የልጄ ልጅ፣ ሰባት ዓመቷ፤
ቀዩን ዱካ አንድ በአንድ ቆጥራ በጣቷ፣
"አባባ፣ ቀለም ረግጦ የገባው ማነው?" ብላ ጠየቀች።
ከበሩ እስከ ምንጣፉ ዘጠኝ ማኅተም። እኔ ዝም፤ እሷም ዝም አለች።

አርባ ዓመት በምድር ባቡር ቴሌግራፍ ቤት የሠራሁ፣
የሩቅ ሰው ሰርግና መርዶ በነጥብና ሰረዝ የሰማሁ፣
አይሻ ላይ ዋበሪ ቁልፉን ሲነካ በጣቱ ክብደት የማውቀው፣
እንዴት የገዛ እግሬ ተጣርቶ፣ ተጣርቶ፣ የናቅሁት መሰለው?

ድል ጮራ ሆስፒታል ሲስተር ኢፍቱ የናይሎን ክር አወጣች፤
"ዓይንህን ጨፍን፤ ሲነካህ 'አዎ' በለኝ" አለች።
(በድሬ አንቱታ የለም።)
ጨፈንኩ። ጠበቅሁ።
ማራገቢያው ዞረ። ውጭ ባጃጅ አለፈ።
ጠበቅሁ።
"ስድስት ጊዜ ነክቼሃለሁ" አለች ቀስ ብላ።

ከዚያ ስለ ነርቭ አወራችኝ፤ እኔ በሥራዬ ቋንቋ ሰማኋት፦
ከእግር ጣት እስከ ወገብ የተዘረጋች አንዲት ሴል ናት፤
ጨው ከደጇ ተኮልኩሎ በር ያንኳኳል፣ አይገባም፤
የነኳት ጊዜ በሩ ይበረገዳል፣ የሚያግደው የለም፤
ያኛው በር የዚህን ሰምቶ ይከፈታል፣ ቀጣዩ የዚያን።
ግማሽ መልእክት የሚባል የለም፤ ወይ ይሄዳል፣ ወይ ይቀራል፤
ጩኸት ከሹክሹክታ በመደጋገሙ ብቻ ይለያል።
ቁልፌም እንዲሁ ነበረች።
ስብ ለብሳለች እንደ ሽቦ፤ አልፎ አልፎ ግን ራቁቷን፤
መልእክቱ ከራቁት ወደ ራቁት ይዘላል፣ ሳይነካ ልብሷን፤
አይሻን ነክቶ፣ አዲጋላን ነክቶ፣ ሽንሌን፣
የመሐሉን በረሃ ሳይረግጥ።

"መጨረሻው ላይስ?"
"መጨረሻው ላይ ክሩ ያልቃል።"
ያልቃል! ከሚቀጥለው ሴል ጋር አይነካካም፤
መሐላቸው ክፍተት አለ፣ ከፀጉር ሺህ እጥፍ የቀጠነ፤
ኤሌክትሪኩ እዚያ ዳር ላይ ወድቆ ይቀራል፤
በጥቃቅን ከረጢት የታሰረ ቅመም ወደ ማዶ ይፈሳል፤
ማዶ የቆመው ቀምሶ ያውቀዋል፣
እንደ አዲስ ይነሳል።

ደቻቱ ነዋ፣ አልኩ በልቤ። ባቡሩ ከዚራ ይቆማል፤
ጆንያው ግን በኩሊ ጫንቃ መጋላ ይገባል፤
ነጋዴው አፉን ፈትቶ፣ አሽትቶ፣ "ገባኝ" ይላል።
ወንዙ የመጣ ሌሊት ብቻ ወሬ አይሻገርም።

"ለምን እግሬን?" አልኳት።
"ስኳር ነው። ረጅሙ መስመር ቀድሞ ይጠፋል።"
ይህንንስ ማንም አላስተማረኝም፤ አንድ ማለዳ
ቁልፉን መታሁ፣ ዋበሪ አልመለሰም።
ሽንሌ ነበረች። አዲጋላ ነበረች።

ሌሊት ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤
ማንም ሳይነካቸው ጣቶቼ ይነድዳሉ፤
ሰው በሌለበት ጣቢያ ደወል ይጮሃል።
ተነሥቼ አዳምጣለሁ፦ ነጥብ፣ ነጥብ፣ ሰረዝ፣ ነጥብ።
ቃል ይሆን ብዬ እጽፋለሁ። ቃል አይሆንም።

ያን ቀን ኢፍቱ ክሩን ከፍ አደረገች፦ ቁርጭምጭሚት። ዝም።
ባት። ዝም።
ከጉልበቴ አራት ጣት ዝቅ ብሎ
"አዎ!" ብዬ ጮኽኩ፤
ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ዞረው አዩኝ። አላፈርኩም።

አሁን ማታ ማታ ሂቦ የስልክ መብራት ይዛ
መርማሪዬ ናት፤ እግሬን ጭኗ ላይ አጋድማ
ጣቶቼን በስማቸው ትጠራለች፦
"ሽንሌ፣ ደህና። አዲጋላ፣ ደህና።"
ትንሿ ጣቴ አይሻ ናት። እሷ ጋ ስትደርስ ትቆያለች፤
"አባባ፣ ዋበሪ ሰላም ብሎሃል" ትላለች።

ልጅ ይዋሻል። እኔም አውቄ
ምንጣፉን በጣቴ እየመታሁ መልሱን እልክለታለሁ።
"ምን አልከው?"
"መስመሩ ደህና ነው አልኩት።"