ገለባ

ሳስካቱን፣ ጥር፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፤
የማሞቂያውን ሣጥን ስከፍት ወበቁ መነጽሬን ሸፈነኝ።
ከአንዲት ሴት ጡት የተቆነጠሩ የካንሰር ሴሎች፣ ቁጥር ሠላሳ አንድ፣
ሮዝ ቀለባቸውን ቢጫ አድርገውት አደሩ፤
አየር ሞልቶ ሳለ ስኳሩን በጥድፊያ ሲማግዱ፣
ኮምጣጣ አመዱን ደጅ ሲደፉ።

ማነው ማግዱ ያላቸው?
የድሮ ደብተሬ ላይ፣ በራሴ እጅ፦
«ፕሮቲን የማይሠራ አርኤንኤ። ገለባ ነው፤ እለፈው።»
አለፍሁት።
ፍሬ የለውም ብዬ ናቅሁት እንጂ
እሳት በምን እንደሚያያዝ መቼ ጠየቅሁ?

ትናንት ያንን ክር በአንዲት ጉድጓድ ብቻ ዝም አሰኘሁት።
እስካሁን ሮዝ ናት።

ሴትዮዋ በኅዳር አርፋለች፤
ስሟን አልነገሩኝም።
እኔም ጻፍሁ፦ ሠላሳ አንድ፣ ጉድጓድ አራት፣ ሮዝ።
ደግሜ ላየው መነጽሬን ጠረግሁ፤
ሣጥኑ ግን ዝግ ነበር።