የውሃ ተራ

እንግዳው ሰውዬ ጫማውን አውልቆ፣
በእግር ጣቱ አሸዋ እየጫረ፣ ስቆ፣
«ታድላችሁ!» አለኝ፣ «የገነት ጎረቤት!»
ልክ ነው፤ አልካድኩም። ግን በዚያ በገነት
ቧንቧው የሚፈስሰው በስንት ቀን ይሆን?
እኛ ጋ በሃያ አንድ። ሲያሰኘው ሠላሳን
ያልፋል።
ዙሪያዬን ውሃ ነው። በሬን ብከፍት ውሃ፣
መስኮቴን ብከፍት ውሃ፤
ሰማያዊው በርሜል ብቻ፣ ሆዱ የበረሃ።

ስሜ ሶላንዥ ነው። ሥራዬ ኦክቶፐስ፤
ባሕር ሲሸሽ መውጣት፣ ባሕር ሳይመለስ
መግባት።
ከእናቴ የወረስኩት አንድ የማይድን ወገብ፣
አንድ የብረት ዘንግ፣ አንድ ደግሞ ደንብ፦
«ድንጋይ ቀለም ከለወጠ፣ ድንጋይ አይደለም» ትል ነበር።
በዚያ ዓይን አየዋለሁ ይህንንም ምድር፦
ጠዋት ላይ ወርቅ ነው። እኩለ ቀን አመድ።
ማታ፣ ነፋስ ሲዞር፣
መጥቶ ደጅ የሚቆም የማላውቀው ዘመድ።

በየካቲት አውሎ ነፋስ ጣሪያዬን ወሰደው።
ፈለግኩት። ከፍየል በረት ላይ፣ ሁለት መንደር አልፎ፣
አገኘሁት፤ የኔን ቀለም፣ የኔን ምስማር ታቅፎ።
ባለፍየሉ ኤቫሪስት ዓይኑን እየሰበረ
«ውሰጂው» አለኝ። ፍየሎቹ ለምደውት ነበር። ቀረ።
እንዲህ ነው እዚህ አገር፤ የጠፋብሽ ሁሉ
ሩቅ አይደርስም። ከደሴት ወዴት ይሄዳሉ?
ክፉውም ይኸው ነው። አሥር ዓመት የተኳረፍኳት
ሉዊዜት፣ ከሱቅ ሳመልጣት፣ ቅዳሴ ላይ አገኘኋት፤
ከቅዳሴ ሳመልጣት፣ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ፣
እኔ ካየሁት ድንጋይ ሥር ቀድማኝ ስታማርጥ።

ልጄ ዋናው ደሴት ናት፣ ሊፍት ያለው ፎቅ ቤት።
«ነይ» ትለኛለች በስልክ፣ «እዚህ ቧንቧው ሌሊት
እንኳን አይቋረጥም፤ ስሚው!» ብላ ከፍታ
ስልኩን ታስጠጋለች።
ሰማሁት። ያን ሁሉ ባሕር አቋርጦ መጥቶ፣
ውሃ ሲባክን ጆሮዬ ላይ። ቆጨኝ።
«ዝጊው!» አልኳት። ዘጋች። ዝም አለች። ናፈቀችኝ።

ሰኞ ቲኬት ቢሮ ሄድኩ። ልጁ አንገቱን ሳይቀልስ
ጠየቀኝ፦ «መሄጃ ብቻ? ወይስ ደርሶ መልስ?»
«የሁለቱን ዋጋ ጻፍልኝ፤
ቤት ወስጄ ላብላላው፣ ሳምንት እስኪደርስ።»
ወረቀቱ ይኸውና ተኝቷል ከመሳቢያ፣
ከሟች ባሌ መነጽርና ከተበጠሰ የስልክ መሙያ
ጋር።

ሁለት ወር አደኑ ሲዘጋ፣ እንዲበዛ ዘሩ፣
መንገድ ጠረግኩ ለቀበሌ፤ ዓይኔ ግን ከባሕሩ።
የተከፈተ ዕለት፣ ደወሉ ሲሰማ፣ መንደርተኛው ሁሉ
ውሃ ውስጥ ገብተው፣ ቆባቸው እንደ እንጉዳይ በቅሎ፣ ሲቀልዱ ዋሉ።
ሉዊዜት እንኳ «ያዝሽ?» አለችኝ። «ያዝኩ።» ሌላ ነገር የለም።
ከአሥር ዓመት በኋላ ሁለት ቃል፤ አልናቅኩትም።
ያጠመድኩትን ገመድ ላይ ሰቀልኩ። ነፋስ ሲነካው፣ ስምንት ስምንት እጅ
የሚሰናበት ይመስላል። ወይም «ነይ» የሚል ከደጅ።

ማታ በረንዳ ተቀምጬ መልሴን ሳሰላ፦
«መጣሁ» ልበላት? እሺ። ከዚያስ በኋላ?
ያን ሁሉ ፎቅ ወጥቼ፣ ባሕሩ መሸሹን ማን ይነግረኛል?
«አልመጣም» ልበላት? ጥርሴን ሌሊት ያመኛል፤
ጥርስ ነቃዩ በመርከብ ነው የሚመጣ፣
በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማዕበል ካልተቆጣ።
«እወደዋለሁ» ስል ወገቤ ይስቅብኛል፤
«እጠላዋለሁ» ስል እግሬ ይታዘበኛል፤
ድንጋዩን በጨለማ፣ አንድ በአንድ፣ ያውቀዋላ!

ገና ሳልጨርሰው፣ ዤርቬ ከታች ቤት፣ ድምፁ እየተሰነጠቀ፣
«መጣች! ውሃ መጣች!» አለ። መንደሩ ነቃ፤ ተጨናነቀ።
በርሜል ተንከባለለ። ክዳን ወደቀ። ውሻ ጮኸ።
ሐሳቤን ወንበሩ ላይ እንዳለ ተውኩት፣ ቀዝቅዞ፤
ማን ቆሞ ያስባል፣ ባዶ ባልዲ ይዞ?